«ቶሎ በሉ» ነው የሚለው

ሰኞ 3

ታናሽ እህቴ ለሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ልትፈተን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከራት በኋላ የእንግሊዝኛ ቃላት ላስጠናት ቃል ገብቼላታለሁ። ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ታቅፋ መጣች። አንድ ቃል፣ አራት ትርጉም። አንድ ቃል፣ ስድስት ትርጉም።

«እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች ቃል ተወዶባቸው ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ቆጣቢዎች ናቸው» አልኳት። ባንክ ገንዘብ የሚቀመጥበትም ነው፣ የወንዝ ዳርም ነው። ቤር ድብም ነው፣ መሸከምም ነው፣ መውለድም ነው። እማዬ ከሶፋው ላይ ሆና «ታዲያ ድብ ወለደች ለማለት ሲፈልጉ ምን ይሆናሉ?» ብላ ጠየቀች። እኔ እንጃ። ይጨነቁበት።

እኔ በዚህ አልቸገርም። እንጀራዬ ነው። አዲስ በሚተከለው የጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ ብቸኛዋ አስተርጓሚ ነኝ። በአንድ በኩል ማሽኑን ይዘው የመጡት ፈረንጆች አሉ፣ በሌላ በኩል ማሽኑን የሚሸከሙት የኛ ሰዎች፤ መሀል ላይ እኔ። እኔ ባልኖር እስከ ዛሬ በእጅ ምልክት እየተወዛወዙ አንድ ብሎን አያጠብቁም ነበር። ይህንን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። እማዬም ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር ሰምቻታለሁ፤ የኔን ጨዋነት ግን አልወረሰችም፣ ፋብሪካውን ራሴ የገዛሁት አስመስላ ነው የምታወራው።

ረቡዕ 5

ዛሬ ፋይን ላይ ደረስን። መጽሐፉ በፊደል ተራ ብቻ አይሄድም፤ «ሰላምታ» የሚል ምዕራፍ አለው። ፋይን ማለት ደህና ማለት ነው፣ ቅጣት ማለትም ነው፣ ደቃቅ ማለትም ነው።

«ስለዚህ እንግዳው እንዴት ነሽ ሲለኝ አይ አም ፋይን ካልኩት፣ ቅጣት ነኝ ማለቴ ነው?»

«አንዳንዱ እንግዳ እንደዚያ ሊረዳው ይገባል» አልኳት። እንደ ጅብ ሳቀች። ጥሩ አስተማሪ ነኝ መሰለኝ።

በሥራ ቦታም ቀኑ ጥሩ ነበር። የተከላውን አለቃ ሠራተኞቹ ሚስተር ኦኬ ይሉታል፤ ዝናቡንም፣ የተሰበረውን ፓምፕም፣ የደረቀውን ዳቦም «ኦኬ» ስለሚል። ጥርሱን ሳይከፍት ነው የሚናገረው። ግማሹን ከአፉ እሰማለሁ፣ ግማሹን ከልምድ እሞላለሁ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ሰው ሁሉ ፊት «አንቺ እኮ ሰውዬው ሳይጨርስ ነው የምትጨርሺለት» ብለው አመሰገኑኝ። ሰውዬው ሳይጨርስ መጨረስ። ይህንን ስንት ሰው ይችለዋል?

ዓርብ 7፣ ምሳ ሰዓት



ሞተሩ ወደቀ። ቋጠሮ ከሥሩ ነበር። እግሩ።

በሕይወት አለ። አምቡላንሱ ቆየ። ዝናብ።

እኔ ደህና ነኝ። የጠየቀኝ የለም እንጂ ደህና ነኝ።

ቅዳሜ 8

በሥርዓቱ ልጻፈው፤ ትናንት እብድ የጫረው ነው የሚመስለው።

ቋጠሮ የጭነት አሳሪዎቹ አለቃ ነው። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ እሱ ያሰረው ነገር ተፈትቶ አያውቅም። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ሲያስር ያፏጫል። ትናንት በክሬን ወደ ላይ ሊነሣ የነበረው የእቶኑ ማራገቢያ ሞተር ነው፤ ትንሽ መኪና ያክላል። ቋጠሮና አንድ ጓደኛው ሰንሰለት እያዞሩበት ነበር። ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋስ መጣ፣ የፕላስቲክ ሽፋኑን ገልብጦ ወሰደው። ሚስተር ኦኬ ከወዲያ ማዶ ከቆርቆሮ ክዳን ሥር ቆሞ ነበር። እጁን አፉ ላይ እንደ ጡሩምባ አድርጎ ጮኸ።

«ሜክ ኢት ፋስት!»

ደግሞ ጮኸ። «ሜክ ኢት ፋስት!»

እኔም ወደ ቋጠሮ ዞሬ «ቶሎ በሉ ነው የሚለው!» አልኩ። ቋጠሮ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ክሬኑ አነሣ። ሞተሩ ከሰው ቁመት ከፍ እንዳለ በነፋሱ ዞረ፣ አዘነበለ፣ ከሰንሰለቱ ሾልኮ ወጣ። ቋጠሮ ጓደኛውን ገፍትሮ አስወጣው። ራሱ አልወጣም። ግራ እግሩ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ይኸው ነው። ነፋስ ነው። ክሬኑም አሮጌ ነው። እኔ የተባለውን አልኩ። ፋስት ማለት ፈጣን ማለት ነው፤ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ያውቀዋል። አስተርጓሚ ቧንቧ ነው። ውሃው ደፈረሰ ብሎ ቧንቧ የሚከስ ሰው አላየሁም።

እማዬ አልጋዬ አጠገብ ውሃ አስቀምጣልኝ ሄደች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ ምን ሆንኩ?

ሰኞ 10

ሚስተር ኦኬ ዛሬ አንድም ጊዜ ኦኬ አላለም። ጠዋት ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ቢሮው አስጠራኝና በር ዘጋ። ሠራተኞቹ ያልኩትን ተረድተው ነበር ወይ አለኝ።

«የስ» አልኩት።

እንዴት ያለች ጥሩ ቃል ናት። አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያላት።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ከሚያርፉበት ዳስ ጀርባ ሳልፍ ስሜን ሳይሆን ሥራዬን ሲጠሩ ሰማሁ። ቆምኩ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ ከሠራተኞች ጋር መግባባት ሥራዬ ነው።

«አስተርጓሚዋ ናት እኮ ቶሎ በሉ ያለችው» አለ አንዱ።

«እሷ ምን ታድርግ?» አለ ፎርማኑ። «የተባለችውን ነው ያለችው። ትናንት ሐኪም ቤት ስንጠይቀው ራሱ ቋጠሮ እንዲህ ነው ያለው፤ እሷን እንዳትነኩብኝ፣ እሷ አፍ ናት አለ። ጥፋቱ የዚያ ፈረንጅ ነው። ሰው ሰንሰለት እያሰረ ቶሎ በሉ ይባላል?»

ሁሉም ሚስተር ኦኬን መርገም ጀመሩ። አንዱ እናቱን ሳይቀር አነሣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ሥራ ስለነበረኝ ነው።

ሐሙስ 13

የቋጠሮ ሚስት መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር አሁንም እጅጌዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። በሩ ላይ ጥበቃው አላስገባም ሲላት «አስተርጓሚዋን ጥሩልኝ» ብላ ቆመች። ወጣሁ።

«እርስዎን ነው የምፈልገው» አለችኝ። ታላቄ ናት እኮ። «እርስዎ ካሉበት ፈረንጁ ይሰማሻል ብሎ ነው ባለቤቴ የላከኝ። ከሐኪም ቤት ደውለው ነበር። ድርጅቱ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው ካለ፣ ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና አይሸፍንም፣ ከሥራም ይሰናበታል ብለዋል።»

ይዣት ገባሁ። ሚስተር ኦኬ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም። ባሏ ስንት ዓመት ጭነት ሲያስር እንደኖረ ነገረችው፣ እኔ ተረጎምኩ። አንድ ቀን እንኳን እንዳላጠፋ ነገረችው፣ ተረጎምኩ። በትክክል ነው የተረጎምኩት፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

ሰውዬው ጫማውን አየ። ከዚያ «አይ አም ሶሪ። በት አይ ቶልድ ዜም» አለ።

«ምን አለ?»

«ሶሪ አለ።»

«ይቅርታ ማለት ነው ወይስ አዝናለሁ ማለት ነው?»

ልብስ ሰፊ ናት ብያለሁ። ስፌቱ የት ጋ እንደሚላቀቅ ታውቃለች። ይህች ሶሪ የምትባል ቃል ጥፋተኛውንም ለቀስተኛውንም በአንድ ኮት የምታለብስ ናት። ይቅርታ ካልኳት ጥፋቱን አመነ ማለት ነው። አዝናለሁ ካልኳት ምንም አላለም ማለት ነው። የቀረውን፣ «እኔ ግን ነግሬአቸው ነበር» ያለውን ደግሞ...

«ሁለቱንም ነው» አልኳት።

አመሰገነችኝ። ግንባሬን ሳመችኝ። የክር ብናኝ ፊቴ ላይ ቀረ።

እሁድ 16

ምሳ በልተን እህቴ መጽሐፏን ይዛ መጣች። ዛሬ የኤፍ ተራ ነው አለች። ፌር፣ ውብም ነው፣ ፍትሐዊም ነው፣ ባዛርም ነው። ፎል፣ መውደቅ ነው፤ ለአንዳንዶቹ ደግሞ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው።

«ፋስት» አለች ቀጥላ። «አንደኛ፣ ፈጣን። ሁለተኛ፣ ጾም። እንዴ! ሦስተኛ፣ የጠበቀ፣ የማይነቃነቅ፣ በደንብ የታሰረ። ሜክ ኢት ፋስት፣ አጥብቀህ እሰረው፤ በተለይ ጭነትና ጀልባ ላይ ይባላል ይላል። እትዬ፣ እንዴት አንድ ቃል የሚሮጠውም የማይንቀሳቀሰውም ይሆናል?»

«መጽሐፉ የድሮ ነው» አልኩ። «ዛሬ እንደዚያ የሚናገር የለም።»

«ግን አዲስ እትም ነው የሚለው...»

«ዝለዪው አልኩሽ!»

እማዬ ከኩሽና ብቅ አለች። ማሰሮ የወደቀ መስሏት ነው። እህቴ ገጹን ገለጠች። ጂ ላይ ብዙ የሚያስቸግር ነገር የለም።

ማንም እንደዚያ አይናገርም። በየቀኑ ከእንግሊዝኛ ጋር ነው የምውለው፣ ሰምቼው አላውቅም። ደግሞ ሚስተር ኦኬ ጀልባ ላይ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ብቻ መጽሐፉን ወሰድኩና አየሁት። ሦስተኛ ላይ ነው የተጻፈው። ሦስተኛ ማለት ብዙ የማይፈለግ ማለት ነው።

ማክሰኞ 18

ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ ትመጣለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉኝ። «አለቃው አጥብቃችሁ እሰሩ ብሏል፣ ሠራተኛው አላጠበቀም። ለሁላችንም የሚሻለው ቶሎ ቢዘጋ ነው። ደግሞ ለአንቺ የምሥራች አለኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ቋሚ አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ስምሽን ሰጥቻለሁ። ሚስተር ኦኬ ራሱ እንግሊዝኛዋ ሳውንድ ነው ብሎ መስክሮልሻል።»

ሳውንድ። ድምፅም ነው፣ ጤናማም ነው። የቱን ለማለት ፈልጎ ይሆን? ድምፅ ብቻ ነው ቢልም አይፈረድበትም።

አጥብቃችሁ እሰሩ ብሏል አሉ። ታዲያ እሳቸው ከማን ሰሙ? ከሰውዬው ነዋ። በቀጥታ፣ ያለ እኔ። ያለ እኔ ሲነጋገሩ እንዲህ መግባባት ይችላሉ ለካ።

ለእማዬ ስለ ዋናው መሥሪያ ቤት ነገርኳት። እልል ልትል ትንሽ ቀራት። «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን የምታጠቁሪው?» አለችኝ። ፀሐይ ነው አልኳት። ሰማዩ ከሰኞ ጀምሮ እንደተደፈነ ነው።

ሐሙስ 20

ሥጋ ለባሽ ሁሉ እንዲህ ያለ ቀን አይግጠመው።

መርማሪዋ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። በረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ ተቀመጠች። በቀኟ ሚስተር ኦኬና ሥራ አስኪያጁ፣ በግራዋ ቋጠሮና ሚስቱ። ቋጠሮ እግሩ እስከ ጭኑ በጄሶ ተጠቅልሎ በክራንች ነው የመጣው፤ ከስቷል። ሲያየኝ ፈገግ ብሎ «እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ?» አለኝ። መካከል ላይ ለእኔ ወንበር ተደረገ።

መርማሪዋ ምን ትእዛዝ ተሰጥቷችሁ ነበር ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ። ቋጠሮ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ፣

«ቶሎ አድርጉት ተባልን። ቶሎ አደረግነው» አለ።

አፌን ከፈትኩ። እንግሊዝኛው ራሱ ዘሎ መጣ። እምልለታለሁ፣ ፈልጌው አይደለም፤ ለዚያ አባባል በእንግሊዝኛ ከዚያ የቀለለ ሐረግ የለም።

«ዊ ዌር ቶልድ ቱ ሜክ ኢት ፋስት» አልኩ።

ሚስተር ኦኬ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ኤግዛክትሊ!» አለ። ልክ ነው፣ ይኸው ራሱ አመነ ማለቱ ነው። መርማሪዋ ራሷን እየነቀነቀች ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ቋጠሮም ፈረንጆቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቶ፣ እውነቱ ወጣልኝ ብሎ፣ እሱም ነቀነቀ። እንደዚያ ያለ ስምምነት አይቼ አላውቅም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ተስማማ። አንዱ አጥብቁ ብዬ ነበር ይላል፣ ሌላው ቶሎ በሉ ተባልኩ ይላል፣ ሁለቱም «አዎ፣ ልክ ነው» ይባባላሉ፣ በእኔ አፍ።

«ታዲያ ከታዘዘ ለምን አላደረገውም?» አለች መርማሪዋ።

«ለምን አላደረጋችሁትም ትላለች» አልኩት።

«እንዴ፣ አደረግነው እንጂ! ከዚያ ወዲያ እንዴት እናድርገው?»

«አድርገነዋል ይላል።»

ያንንም ጻፈችው። ውሳኔው ረቡዕ ይነገራል አለች። ሲወጡ የቋጠሮ ሚስት እጄን ጨብጣ «እግዜር ይስጥልን፣ በደንብ አስረዱልን» አለችኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ተርጉሜ ስጨርስ ሁሉም ያመሰገነኝ።

ዓርብ 21

ያን ቀን ቋጠሮ የጠየቀኝን እዚህ አልጻፍኩም መሰለኝ። አስፈላጊ ስላልሆነ ነው።

«እህቴ፣ ሁለተኛውን ሰንሰለት ልጨምር?» ነበር ያለኝ።

«ቶሎ በሉ ነው የሚለው» አልኩት።

አስፈላጊ አይደለም።

እሁድ 23

እማዬ ምግብ ታኝኪያለሽ እንጂ አትውጪም አለችኝ። ጎረቤታችን የዋናውን መሥሪያ ቤት ወሬ ሰምታ እንኳን ደስ አላችሁ ልትል መጣች። እማዬ «ልጄ አንድ ቃል አትስትም» አለች። ተነሥቼ ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩት።

እህቴ ኩሽና ተከትላኝ ገባች። ፎጣ አነሣች፣ አንድ ሳህን ደረቅ እስኪሆን አሸችው፣ ደግማ አሸችው።

«ያን ገጽ ለብቻዬ አጠናሁት» አለች።

ሌላ ሳህን አነሣሁ።

«እትዬ፣ ሰውዬው ሦስተኛውን ነው አይደል የተናገረው?»

«አንቺ ስለ ጭነት ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። ነፋስ መጥቶ ሰውዬው ሜክ ኢት ፋስት አለ ብለሽኝ ስለነበር ነው። በነፋስ ሰው ፍጠኑ ይላል እንዴ?»

ሂጂ አጥኚ አልኳት። ሄደች። በር ሳትወረውር ነው የዘጋችው፤ ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

እስቲ ምን ላድርግ? ብናገር ሥራዬ ይሄዳል። የዋናው መሥሪያ ቤት ነገር ይቀራል። በዚህ ከተማ ማነው ከዚያ በኋላ የሚያስተረጉመኝ? እማዬ ጎረቤቱን በምን ዓይኗ ታያለች? እግሩ እንደሆነ ተናገርኩም አልተናገርኩም ተሰብሯል። ብልህ ነኝ፤ ምክንያት አያልቅብኝም። በሁለት ቋንቋ ማሰብ ጥቅሙ ይኼ ነው፣ ራስን ለማታለል ሁለት መንገድ አለ።

ረቡዕ 26

ጀግና ሆኜ አይደለም። ይህንን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ራሴን ጀግና ማድረግ እንደምጀምር አውቃለሁ።

እንዳለፈው ተቀመጥን። መርማሪዋ ውሳኔዋን ተናገረች። ድርጅቱ ለደረሰው ጉዳት ያዝናል፤ ሆኖም፣ «ሂ ዋዝ ክሊርሊ ቶልድ ቱ ሜክ ዘ ሎድ ፋስት። ሂ ፌይልድ ቱ ዱ ሶ።» ከዚያ ወደ እኔ አየች።

ቋጠሮም አየኝ። አብሬያቸው ስሠራ እነዚህ ሰዎች ፈረንጁ ሲናገር ፈረንጁን አያዩም፤ አፌን ነው የሚያዩት። ያን ቀን በዚያ ነፋስ፣ ሰንሰለት በእጁ ይዞ፣ እንደዚሁ ነበር ያየኝ።

ያሰብኩት ሌላ ነበር። «የታዘዝከውን አላደረግክም ትላለች» ልለው ነበር። ቀላል ነው፣ ውሸትም አይደለም። ሌሊቱን ሳዘጋጀው ነው ያደርኩት።

«ጭነቱን አጥብቀህ እንድታስር በግልጽ ተነግሮህ ነበር፣ አላጠበቅክም ትላለች» አልኩ።

ቋጠሮ ክራንቹን ያዘ። «አጥብቀህ? ማነው አጥብቀህ ያለኝ? አጥብቁ ብንባል ሁለተኛውን ሰንሰለት እጨምር አልነበረም እንዴ? ቶሎ በሉ ነው የተባልነው! እህቴ፣ አንቺ ነበርሽ፣ ንገሪያቸው!»

«ምን አለ?» አለ ሚስተር ኦኬ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ልዋሽ እችል ነበር። ምላሴ አልታዘዘኝም። እንግሊዝኛዬ፣ ያ ሳውንድ የተባለው፣ ፍርስርሱ ወጣ። «አይ ሴይድ ኸሪ» አልኩ፤ ቶሎ በሉ ያልኩት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። «ዩ ሴይድ ሜክ ኢት ፋስት። አይ ሴይድ ኸሪ። ሂ አስክድ ሚ፣ ሞር ቼይን? አይ ሴይድ ኸሪ።» የአንደኛ ክፍል ልጅ ይበልጠኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ቋጠሮ ዞርኩና በአማርኛ ነገርኩት። አጥብቃችሁ እሰሩት ነበር ያለው። ነፋሱን አይቶ ነው። ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። እኔ ሌላውን ነው የያዝኩት። ሁለተኛውን ሰንሰለት ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ። ሐሙስም አውቄ ነው ዝም ያልኩት።

አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይከብዳል። የምሸሸግበት ሁለተኛ ትርጉም የለውም።

ቋጠሮ ክራንቹን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። ሚስቱ «አንቺ?» አለች። «አንቺ ነሽ?» እርስዎ የነበርኩት አንቺ ሆንኩ። የመጀመሪያው ትክክለኛ ትርጉም እሱ ነበር።

ሚስተር ኦኬ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ሥራ አስኪያጁ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማቸው፣ «አሁን ነው ይኼ የሚወራው?» አሉኝ። መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ለምን መጀመሪያ አልተናገርሽም አለችኝ። ይህንን የሚተረጉምልኝ ሰው አልነበረም።

ዓርብ 28

ስንብቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ።» መልቀቅም ነው፣ ማባረርም ነው። እንደ ታሰረች ወፍ ለቀቁኝ። ምስጋና ይግባቸው።

ፎርማኑ በሩ ድረስ ሸኘኝ። መርማሪዋ ውሳኔዋን ቀይራለች፤ ቀዶ ጥገናውን ድርጅቱ ይሸፍናል፣ ቋጠሮም ሲድን ወደ ሥራው ይመለሳል አለኝ። «ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ ሰውዬው ስንት ቀን በጭንቀት ባልተቃጠለ ነበር» አለና፣ ትንሽ ቆይቶ «ባትናገሪ ኖሮ ደግሞ...» ብሎ ተወው። አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም፤ ያ ልማድ አብቅቷል።

ሚስተር ኦኬ ከኮንቴይነሩ ደጃፍ ሆኖ እጁን አነሣልኝ። ሰላምታ ይሁን፣ ሂጂ ይሁን፣ አላወቅሁም።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ሌት ጎ አሉኝ ስላት «ወዴት ነው የሚልኩሽ?» አለችኝ። አስረዳኋት፤ ሁሉንም፣ ከሰንሰለቱ ጀምሬ። ነጠላዋን አጣጠፈች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «የሰውዬው ሚስት ልብስ ሰፊ ናት አላልሽም?» አለች። «አዎ» አልኳት። «ባሏን እያስታመመች እንዴት ትሰፋለች?» አለች። ተነሥታ ወደ ኩሽና ሄደች። 

ቅዳሜ 29

እማዬ ምሳ በሳህን አስራ፣ አድራሻውን በእህቴ በኩል ከእኔ አስጠይቃ፣ ለብቻዋ ሄደች። እኔን አልጠራችኝም።

እሁድ 7

ወር ተለውጧል። እህቴ ተፈትናለች። ፋስት አልመጣም አለችኝ።

ዛሬ ሄድኩ። ከእማዬ ጋር መሄድ ይቀል ነበር፣ ለዚያ ነው ብቻዬን የሄድኩት። አንድ ክፍል ነው፤ በመስኮቱ ሥር የስፌት ማሽን፣ በግድግዳው በኩል አልጋ፤ ቋጠሮ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝና ወደ ማሽኗ ተመለሰች። አልተቀመጥኩም። ተቀመጪም የሚል አልነበረም።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። አላስጀመረኝም።

«ያን ቀን ያለውን በቋንቋው ንገሪኝ» አለ።

«ሜክ ኢት ፋስት።»

«ደግመሽ በይው።»

ደገምኩት። እሱም በቀስታ፣ እንደ አዲስ ገመድ እየዳሰሰ፣ ከኋላዬ አለው። «ሜክ። ኢት። ፋስት።» አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ማሽኑ መስፋት አቆመ።

«እና አጥብቀህ እሰረው ነው።»

«አዎ።»

«እኔ ላይ እንዳይወድቅ ብሎ።»

«አዎ።»

 ሳቅ ያልሆነ ሳቅ ሳቀ። «ይገርማል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ሰውዬ ስረግመው ነው የከረምኩት። ሌሊት እግሬ ሲጠዘጥዘኝ ተነሥቼ እረግመዋለሁ። ለካ ሰውዬው ስለ እኔ ተጨንቆ ነው የጮኸው።»

«አዎ» አልኩ። 

«አንቺን ደግሞ እንዳይነኩብኝ ስል ከረምኩ።» ጄሶውን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ። ቀና ብሎ፣ አፌን ሳይሆን ዓይኔን አየኝ። «አንቺን መጥላት ገና ዛሬ መጀመሬ ነው። ጊዜ ስጪኝ።»

እሺ አልኩት። ሚስቱ ማሽኗን መልሳ ማስጮህ ጀመረች። እኔም ወጣሁና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።